ቮልሷን ማን ይገፋታል

አባቴን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የብርጭቆ ወረቀት በእጄ ይዤ፣ እየሳቅኩና እያጨበጨብኩ ነው ያደረግኩት። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ማዘን ካማራችሁ ለፈቀደ እዘኑለት፤ መጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ።

ዘመኑ 2008 ዓ.ም. ነው። አባቴ ሞቱማ ቡራዩ ውስጥ፣ ወደ አምቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ዝገት በበላው ኮንቴይነር የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። ባትሪ ይሞላል፣ ዲናሞ ይጠግናል፣ አልነሳ ያለ መኪና ያስነሳል። ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ የምሄደው ወደ እሱ ነው። እናቴ አሰጋሽ «ይቺን ልጅ ማን ያገባታል፣ ግራሶ ለግራሶ ስትል!» እያለች ትቆጣለች። አባቴ ግን መኪና በገባ ቁጥር፣ «ኮቱ አያንቱ፤ ነይ ቁልፍ አዙሪልኝ» ብሎ ይጠራኝ ነበር።

ፊደል ቀድሞ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት ቢሆንም፣ ማሰብ ያስተማረኝ እሱ ነው። «መጀመሪያ መብራቷን አብሪ» ይለኛል። «አሁን ቁልፉን አዙሪ። መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል፤ ወይ የባትሪው አናት ላይ ነጭ ዱቄት በቅሏል፣ እሱን በሙቅ ውሃ ታጥቢያለሽ። መብራቱ ቦግ እንዳለ ሆኖ ሞተሪኖው ጠቅ ብቻ ካለ ግን ባትሪውን አትውቀሺው። ከረንቱ የሚሄድበትን መንገድ እግር በእግር ተከተዪ። ብረት ከብረት ካልተሳመ ከረንት አያልፍም።» ሞተሪኖ ማለት ቁልፍ ስታዞሩ ሞተሩን አሽከርክሮ የሚቀሰቅሰው ነው። እኔ ይህን ሁሉ ከማባዣ ሰንጠረዥ በፊት ነው በቃሌ የያዝኩት።

ፈቀደ የአባቴ ሚዜ ነበር። ሳሎናችን ውስጥ በተሰቀለው የሰርግ ፎቶ ላይ ከአባቴ በስተቀኝ ቆሟል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ኮት ለብሰዋል፤ ከሙሽራው ይልቅ ደስ ያለው እሱ ይመስላል። እኔ ጋሼ ፈቀደ ነበር የምለው። ኪሱ ከረሜላ አያጣም። ሥራው ምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም ነበር፤ መሬት ይለካል፣ ሰው ያስፈርማል፣ ሲያልፍ ሰዎች ከተቀመጡበት ይነሱለታል። የሚነዳው ከአንድ ጡረተኛ አስተማሪ የገዛትን ውሃ ሰማያዊ ቮልስ ነው። እንዴት እንደምወዳት! ወንበሯ የቆዳ፣ ድምፅዋ የልብስ ስፌት መኪና። ባትሪዋ ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ፣ እኔ ሁልጊዜ ባትሪው ላይ ተቀምጬ ነበር የምሄደው። አንድ ቀን ባትሪው ወጥቶ ሳለ፣ ሥሩ ያለው ብረት ላይ በምስማር «አያ» ብዬ ስሜን ጀምሬ አባቴ ሲጮህብኝ አቋረጥኩት።

ያኔ ጋሼ ፈቀደ ደህና መኪና የማይገዛው ትሑት ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሲገባኝ፣ አዲስ ቢገዛ «ከየት አመጣው?» ስለሚባል ነው። ድሃ ለመምሰል የተገዛች መኪና ነበረች።

በዚያች መኪና አካኮን፣ የአባቴን አባት፣ ወደ እርሻው የወሰድነውን ቀን አልረሳውም። የገብሱ ቡቃያ ገና ጉልበቴ ጋ አልደረሰም። ጋሼ ፈቀደ ወረቀቱን በቮልሷ ኮፈን ላይ ዘረጋና፣ «ለቧንቧ ውሃ ነው አባባ፤ በዚህ በኩል ሊያልፍ ስለሆነ ፈቃድዎን ይፈልጋሉ» አለ። አካኮ አውራ ጣቱን ሐምራዊ ቀለም ውስጥ ነክሮ ተጫነ። ንፋስ ስለነበረ ወረቀቱ እንዳይበር ሁለት እጄን ዘርግቼ የያዝኩት እኔ ነኝ። ለዚያም ሁለት ከረሜላ ተሰጠኝ።

ወረቀቱ ላይ ቧንቧ የሚል ቃል አልነበረም። መሬቴን በፈቃዴ ለቅቄአለሁ የሚል ነበር። በሚያዝያ ዶዘር መጣ። አካኮ እኛ ቤት ገባና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ነሐሴ ላይ ሞተ። ለእኔ የሳንባ ምች ነው ተባልኩ። ጋሼ ፈቀደ ለቅሶ ላይ ድንኳን ሲተክል ውሎ፣ አባቴን አቅፎ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። አባቴ አላለቀሰም። እኔም «አባዬ ለምን አያለቅስም? ጋሼ ፈቀደ ይሻላል» ብዬ አሰብኩ። እስከ ዛሬ ይህን ሐሳቤን ሳስታውስ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ጥቅምት ላይ ቮልሷ ታመመች። ጠዋት በአንድ ማዞር ትነሳለች። ከተማውን ዞራ ሞተሯ ከጋለ በኋላ ካጠፏት ግን ጠቅ ትልና ዝም ነው። መብራቷ ቦግ እንዳለ ነው፤ ጡሩምባዋ ይጮሃል፤ ሞተሩ ብቻ እምቢ። ጋሼ ፈቀደ ወደ አባቴ ያመጣታል፤ አባቴ በአሲድ መለኪያ ባትሪውን ያያል፣ ደህና ነው። ሞተሪኖ ይቀይራል። ለሁለት ቀን ትድናለች፤ በሦስተኛው ቀን ያው ናት። ከቁልፉ የሚመጣውን ሽቦ ይቀይራል። ያው ናት። ጋሼ ፈቀደ ተስፋ ቆርጦ አንድ ጊዜ ሱሉልታ ድረስ ወስዶ አሳያት፤ እዚያም ሞተሪኖ ቀይረው ሰደዱት። ተመልሶ መጣና፣ «ከአንተ ሌላ ማንን ላምን፣ ሚዜዬ?» አለው አባቴን።

«ልክ ነህ» አለ አባቴ። «ከእኔ ሌላ ማንንም አትመን።»

ስለዚህ ከተማው መግፋት ያዘ። ቮልስ ለመግፋት ሦስት ሰው ይበቃል። መጀመሪያ ሰሞን ጋሼ ፈቀደ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ወጥቶ፣ «ልጆች! እስቲ እጃችሁን!» ሲል ስምንት ሰው እየተሻማ ይሮጣል። ኅዳር ሲገባ ሦስት ሰው እየጎተተ ይመጣ ጀመር። ከዚያ «እስቲ እጃችሁን» ሁለቴ ሦስቴ መባል አለበት። በኋላማ ኪሩ የሚባል ከእኛ አጠገብ ጎማ የሚጠግን ጎረምሳ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ «ሂንዺብኑ» አለው። አንገፋም ማለት ነው። ጋሼ ፈቀደ ሳቀ። ግን ኪሩን ረዘም አድርጎ አየው፤ ቀጥሎም ከጎኑ የቆሙትን አንድ በአንድ አየ።

ያን ጊዜ ሁሉ አባቴ ኮንቴይነሩ በር ላይ ቆሞ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ያያል። ፊቱ ይቀላል፣ ዓይኑ ይሰፋል። ሐፍረት ይመስለኝ ነበር። ሐፍረት አልነበረም። ሰውየው ካፈናቀላቸው ሰዎች ፊት ቆሞ እጅ ሲለምን ማየት ለአባቴ ምሳው ነበር። በልቶ የጠገበ ሰው ፊት ነበር፤ እኔ ነኝ ማንበብ ያልቻልኩት።

ሻይ ቤቱ ውስጥ «የሞቱማ እጅ ከዳው» መባል ተጀመረ። ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ ከኋላዬ ሆኖ «ጠቅ! ጠቅ!» ይላል፤ ሁሉም ይስቃል። አንዴ በእስክሪብቶ ትከሻውን ወጋሁትና ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አባቴን በዚህ ምክንያት መጥራት አፈርኩ፤ እናቴን ጠራሁ።

እናቴም በዚያው ሰሞን ተቆጥታብኝ ነበር። ቀይ የጥፍር ቀለሟ ጠፋ። ለአክስቴ ሰርግ የገዛችው፣ ገና ግማሽ ያልደረሰ። ከእኔ ሌላ ማን ይነካዋል? ጭኔን ቆንጥጣ አስለቀሰችኝ። ያልሰረቅኩትን ሰረቅሽ መባል እንዴት እንደሚያቃጥል! እውነተኛውን ሌባ ባገኘው ምን እንደማደርገው እያሰብኩ ሦስት ቀን አኮረፍኩ።

የቀረውን ታሪክ የሠራው ዓርብ ቀን ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ኮንቴይነሩ ስደርስ እናቴ ለአባቴ ምሳ አምጥታለት ኖሮ ውስጥ ያወራሉ። ቮልሷ ሞተሯ ገና እንደጋለ በር ላይ ቆማለች። ጎማዋ ላይ ተደግፌ ቆምኩ።

«ተው ሞቱማ። እግዜር ያያል» ትላለች እናቴ።

«ሲያይ ከረመ።»

«ልጅ አለህ።»

«ነገ በሰባት ሰዓት ከላይ ይመጣሉ» አለ አባቴ፣ ያልሰማት ይመስል። «ብዙ ናቸው። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሻይ ቤቱ አይጠፋም። እዚያው በር ላይ ትሞትበታለች።»

እናቴ ስታለቅስ ሰማሁ። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፤ ነገ በሰባት ሰዓት ከላይ፣ ከገፈርሳ በኩል፣ ትላልቅ ደንበኞች ይመጣሉ። ቮልሷ እነሱ ፊት አልነሳ ልትል ነው። የአባቴ ስም ያልቅለታል፤ ለዚህ ነው እናቴ የምታለቅሰው። አባቴ እንዲህ ሲፈራ ሰምቼው ስለማላውቅ እኔም እንባዬ መጣ።

ሲወጡ ተደበቅኩ። አባቴ የተጣራ ውሃ ሊገዛ ሄደ። እኔ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩና እንዳስተማረኝ ጀመርኩ። መብራት አበራሁ፤ ቁልፍ አዞርኩ፤ ጠቅ። መብራቱ አልደበዘዘም። ስለዚህ ባትሪውን አልወቅሰውም። ከረንቱን እግር በእግር ተከተልኩት፤ ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው፣ ደህና ነው። መመለሻው ቀረ። ከመኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ። ከካምቢዮዋ ወደ አካሏ የምትሄድ፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ ጠፍጣፋ፣ የተጎነጎነች ገመድ አለች፤ ከረንቱ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በእሷ ነው። ጭቃውን በጣቴ ስጠርገው ቀይ ነገር አየሁ።

የእናቴ የጥፍር ቀለም!

ብሎኑን በአሥራ ሦስት ቁልፍ፣ በእግሬ እየረገጥኩ ፈታሁት። ከገመዱ ሥር፣ ብረት ከብረት መሳም ባለበት ቦታ፣ ቀዩ ቀለም በሥርዓት ተቀብቷል። መሃሉ ላይ ብቻ የምስር ፍሬ የምታክል ባዶ ቦታ አለች። ያቺ ቦታ ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት ትበቃለች፤ ሞተሩ ሲግል ግን አትበቃም። ይህን ዛሬ ሳየው እጅ የሚያስነሳ ሥራ ነው። ያኔ ግን እንዲህ ብዬ አዘንኩለት፤ «ምስኪን አባዬ፣ ዝገት እንዳይበላው ብሎ ቀባው! የማይቀባውን ቦታ ቀባ! አርጅቷል!» አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር።

በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ብረቱ እንደ ማንኪያ እስኪያበራ ድረስ ነበር፤ ክንዴ ዛለ፤ ቀዩ ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ። መልሼ አጠበቅኩት። ማታ ጋሼ ፈቀደ መጥቶ ወሰዳት፤ ለአባቴ አልነገርኩትም። ነገ ሰው ሁሉ ሲያይ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ላስደንቀው ፈለግኩ።

ቅዳሜ አባቴ የሰርጉን ግራጫ ኮት ለበሰ።

«አባዬ፣ ሰርግ አለ?»

«አዎ፣ ትንሽ ሰርግ አለ» አለኝ።

ኮንቴይነሩን አልከፈተም። በሩ ላይ ባለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ጋሼ ፈቀደ ከተማውን ሲዞር አርፍዶ ወደ ስድስት ተኩል ላይ መጣ፤ ቮልሷን ከእኛ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ሻይ ቤቱ በር ላይ አቆማት፤ እጁን አውለበለበልን። አባቴም አውለበለበ። ቀስ በቀስ ሱቆቹ መዝጊያቸውን ሲያወርዱ ሰማሁ፤ ምሳ ሰዓት ስለሆነ መሰለኝ። ባጃጆቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ኪሩና ጓደኞቹ ከሻይ ቤቱ ጎን ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ሰባት ሰዓት ላይ ከላይ በኩል ድምፅ መጣ። ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ከሩቅ ሲመጣ እንደዚያ ነው የሚሰማው። ከዚያ ኩርባው ላይ ሰዎች ታዩ፤ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል፤ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረዋል። ይህን ያህል ደንበኛ! አልኩ በልቤ።

ጋሼ ፈቀደ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣ። ወደ ላይ አየ። ብርጭቆውን ከነግማሽ ሻዩ የሻይ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጠ። «ልጆች» አለ፤ ቀጥሎ ያለውን ግን አልጨረሰውም፤ ግድግዳውን የተደገፉት ሁሉ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተዋል። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። በመስኮቱ በኩል ወደ አባቴ አየ። አባቴ ጎማው ላይ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ይጠብቅ ነበር።

በአንድ ማዞር ተነሳች።

እኔ ዘለልኩ። እያጨበጨብኩ አስፋልቱን ተሻገርኩ፤ አባቴ ከኋላዬ «አያንቱ!» ሲል ሰምቻለሁ፤ የደስታው ነው የመሰለኝ። መስኮቷ ላይ ተንጠለጠልኩ።

«ጋሼ ፈቀደ! እኔ ነኝ የሠራኋት! ኔጌቲቩ ላይ የጥፍር ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ እኔ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግኩት!»

ወደ ሰዎቹ ማየቱን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። «ማን ቀባው የኔ ልጅ?» አለኝ፣ በቀስታ።

«አባዬ ነዋ። ዝገት እንዳይበላው ብሎ። ግን ብረት ከብረት ካልተሳመ ከረንት አያልፍም።»

አንገቱን ቀና አድርጎ ከማዶ ያለውን ግራጫ ኮት አየ። ከዚያ ጉንጬን ነካ አደረገኝ፣ ከረሜላ መዳፌ ላይ አስቀመጠና ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ተፈተለከ። ሰልፈኞቹ ሲደርሱ ያገኙት የዘይት ጠብታና ግማሽ ሻይ ነው።

አባቴ አልመታኝም። ወደ ቤት ከገባን በኋላ እጄን አሳዪኝ አለ። ከጥፍሬ ሥር ቀይ ብናኝ ነበር። አገላብጦ አየውና፣ «በደንብ ጠርገሽዋል» አለኝ። ሥራዬን አመሰገነኝ ብዬ በኩራት ተኛሁ።

ማክሰኞ ዕለት ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች መጡ። ከዚያች አንድ መንገድ ስድስት ሰው ወሰዱ። ዝርዝሩን ማን እንደሰጠ ማንም አልነገረኝም፤ መናገርም አያስፈልግም ነበር። አምስቱ ቮልሷን አንገፋም ያሉ ናቸው፤ ኪሩ አንዱ ነው። ስድስተኛው አባቴ ነው። እኔ ቤታችን አጥር ሥር ቆሜ፣ ጋሼ ፈቀደ መጥቶ ያስፈታዋል ብዬ ጠበቅኩት። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩት። ስንቅ ይዘን እስር ቤቱ በር ላይ በቆምንበት በአንዱ ቀን «ለምን ለጋሼ ፈቀደ አንነግረውም?» ስላት፣ እናቴ ትዕግሥቷ አለቀና ሁሉንም፣ ከአካኮ አውራ ጣት ጀምራ፣ እዚያው ፀሐይ ላይ ነገረችኝ። ከረሜላው ገና አልተበላም ነበር፤ ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ቀልጦ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል። እስከ ዛሬ አለኝ።

አባቴ በየካቲት 2010 ተፈታ። በእግሩ ሄዶ ነበር የተወሰደው፣ በእግሩ መጣ። እጆቹ ግን አልመጡም። ለረጅም ጊዜ በጥብቅ ታስረው ስለነበር ጣቶቹ ደንዝዘዋል፤ ብሎን ቢሰጡት ወድቆ ሲጮህ ነው መጣሉን የሚያውቀው። ስለዚህ እጁ እኔ ሆንኩ። እሱ ጎማው ላይ ተቀምጦ በጆሮው ይሰማል፣ እኔ እሠራለሁ። አሁን ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከቡራዩ እስከ ገፈርሳ አልነሳ ያለ መኪና ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ጥፍሬን ሁልጊዜ ቀይ እቀባለሁ። ደንበኞች «በዚህ ጥፍር ነው ባትሪ የምትፈቺው?» ብለው ይቀልዱብኛል፤ ይቀልዱ።

አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። «አባዬ፣ እንዲገድሉት ነበር የፈለግከው?»

«መኪናዋ እንድትቃጠል ብቻ ነበር» አለኝ።

አላመንኩትም። ባምነውም ባላምነውም ግድ አልነበረኝም።

ባለፈው ጥር አንድ ፒካፕ ነጭ ቮልስ ጎትቶ ኮንቴይነራችን በር ላይ አቆመ። ሾፌሩ ዕዝራ ይባላል፣ ለአካባቢው አዲስ ነው። «ብዙ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ቆማ ነበር፤ እሑድ ሰርግ ላይ ትፈለጋለች» አለኝ። የኋላ መቀመጫውን አነሳሁ። ባትሪው አብጦ ሞቷል። ሳወጣው፣ ከሥሩ፣ አዲሱ ቀለም ያልደረሰበት ብረት ላይ «አያ» የሚል አየሁ።

«የማን ናት?» አልኩት፣ ድምፄ እንዳይለወጥ እየተጠነቀቅኩ።

«የአቶ ፈቀደ። ሰበታ ትልቅ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ማርቲ ናት የምታገባው። ሙሽሮቹን በእሷ ነው የምናስገባው።»

ጊዜው ሲገለበጥ ፈቀደም አብሮ ተገልብጧል ማለት ነው፤ እንደ ቂጣ፣ ሳይቃጠል።

ሐሙስ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እንደ እናት ሠራኋት። አዲስ ባትሪ አስገባሁ፣ ካንዴላዎቿን ቀየርኩ፣ ካርቡራቶሯን አጠብኩ፣ ሞተሪኖዋን ፈታሁና ገጠምኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ማዞር ተነሳች። አባቴ ጎማው ላይ ሆኖ ድምፁን ሰማ። ከሐሙስ ጀምሮ ስሟን አልጠራም ነበር።

«ገመዷን አየሻት?» አለኝ።

«አየኋት። ንጹሕ ናት።»

«አንቺ ነሻ የጠረግሻት።»

ከዚያ ዓይኑ ጥፍሬ ላይ ቆየ። ቦርሳዬን ከፍቼ ጠርሙሷን አወጣሁ።

«በቀጭኑ» አለ አባቴ። «መሃሉ ላይ ትንሽ ተዪለት፤ አዳራሹ ድረስ ይሂድ።»

ሙሽራዋ ምን አጠፋች ትሉኝ ይሆናል። ምንም። እኔስ በአሥራ አንድ ዓመቴ ምን አጥፍቼ ነበር?

እሑድ ግራጫውን ኮት እኔ አለበስኩት፤ ቁልፎቹን መቆለፍ ስለማይችል እኔ ቆለፍኩለት። ሰበታ አዳራሹ በር ላይ ከእግረኛው መሃል ቆምን። ስድስት ሰዓት ላይ ሙሽሮቹ መጡ፤ ቮልሷ ከፊት፣ አበባ ለብሳ፣ ከኋላዋ አሥራ ምናምን መኪና ጡሩምባውን ይነፋል። ካሜራ የያዘው ልጅ ድምፁ አስቸግሮት፣ በሩ ላይ ሞተሩን አጥፋ ብሎ ለዕዝራ ምልክት ሰጠው። ዕዝራ አጠፋ። ተቀረጹ፣ ተሳሙ። ዕዝራ ቁልፉን አዞረ።

ጠቅ።

ደግሞ ጠቅ። ቮልሷ የአዳራሹን መግቢያ ዘግታለች፣ ከኋላ ጡሩምባው ይጮሃል፣ እድምተኛው ይሳሳቃል። ፈቀደ ከፊት ወንበር ወረደ። ወፍሯል፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ድምፁ ግን ያው ነው።

«ልጆች! እስቲ እጃችሁን!»

ሱፍ የለበሱት ወጣቶች እርስ በርስ ተያዩ። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ቅባት፤ ማን ይነካል? ፈቀደ ዞር ሲል ፊት ለፊቱ እጁን ኪሱ ከትቶ የቆመ ሰው አየ። መጀመሪያ ያየው ኮቱን ነው። ከዚያ ፊቱን። ከዚያ ከጎኑ የቆምኩትን እኔን፣ ከእኔም ጥፍሬን። ዓይኑ እዚያ ላይ ሲደርስ ሁሉም ነገር እንደገባው አየሁ፤ ጣፈጠኝ፣ አልዋሽም።

«ሞቱማ…» አለ። «ሚዜዬ…»

«እንኳን ደስ አለህ ሚዜዬ» አለ አባቴ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ብገፋልህ ደስ ባለኝ። እጄ አይሠራም።»

እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት። ጣቶቹ ተቆልምመው፣ የእጅ አንጓው ዙሪያውን የገመዱ ጠባሳ እንደ አምባር ዞሮት ይታያል። ፈቀደ አየ። ካሜራ የያዘው ልጅም፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ቀረጸው። ከሃምሳ የሚበልጥ ሰው ቆሞ ሁለቱን ሽማግሌዎች ያይ ነበር።

ፈቀደ ጮኾ ሊከሰን አይችልም፤ ምን ብሎ ይጀምራል? ዘወር አለና ትከሻውን ለቮልሷ ሰጠ። ብቻውን ገፋ። አበባው ፊቱ ላይ ተበተነ፣ የሱፉ ክንድ ተተረተረ፣ ጫማው አስፋልቱ ላይ ይንሸራተታል። አራት እርምጃ ሄደች፤ ዕዝራ ፍሪሲዮኑን ፈጥኖ ለቀቀና ቀጥ አለች። ሙሽራዋ በሩን ከፍታ ወረደች፤ ቬሎዋን ሰብስባ እየሳቀች ከባሏ ጋር በእግሯ ገባች። ደስ የምትል ልጅ ናት። አባቷ ግን በጉልበቱ ላይ ተደግፎ፣ እያለከለከ፣ እኛ እስክንሄድ ድረስ ቀና አላለም።

በባጃጅ ዓለም ገና ድረስ ሄድንና አንዲት ሻይ ቤት በር ላይ ተቀመጥን። ሳምቡሳ አዘዝኩ፤ እየቆረስኩ አጎረስኩት። ከታሰረ ጀምሮ እንዲህ ሲበላ አላየሁትም።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለኝ።

«ሰባት።»

«አሥር ዓመት ዘገየ» አለና፣ አንድ ሳምቡሳ እንድጨምርለት ጠየቀኝ።